በአል-ጣኢፍ የበላነው የማሽላ ዘር

ሐጁ ቤት የተቀጠርኩት ለማብሰልና ለማጽዳት ነው። ያስገባችኝ አርካዊት በሚባል የካርቱም ሰፈር የምትኖር ያገሬ ልጅ ነበረች። "ብቻቸውን ናቸው፣ አይቆጡም፣ እጃቸውም ንጹሕ ነው" አለችኝ። እጃቸው ንጹሕ ነው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ሰው ቤት ሠርታ የምታድር ሴት ሁሉ ይገባታል። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

ያን ጊዜ ካርቱም ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ካላክላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ መንገድ ዳር ሻይ እሸጥ ነበር። ከሻ በመጣ ቁጥር፣ ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሰው ለማፈስ በወጡ ቁጥር ማለቴ ነው፣ ምድጃዬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ስመለስ ምድጃውም ብርጭቆውም የለም። አገሬ ሳለሁ ግን የእርሻ ኮሌጅ ጨርሼ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለ ወረዳ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ መሬቱ የማይፈልገውን ማዳበሪያ ገበሬው ላይ በግድ አትጫኑ ብዬ ተናገርኩ። በማግስቱ ታሰርኩ። ስፈታ ሥራዬ የለም፤ ሁለተኛ ሊወስዱኝ መሆኑን ስሰማ በመተማ አድርጌ ወጣሁ። ካርቱም ውስጥ ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ሻይ ለምትሸጥ ሴት የገብስ ዕውቀት ምን ያደርግላታል?

የሐጁ ቤት አል-ጣኢፍ የሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። ሐጁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግብርና ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ ናት። ስኳር በሽታው ዓይናቸውን አድክሞት ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር ፊደል አያዩም። ትልቁ ክፍላቸው ግድግዳው ላይ የአህጉሩ ካርታ ተሰቅሏል፤ ከካርታው ሥር ከዳር እስከ ዳር መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ዘር የተሞሉ ጠርሙሶች። አብዛኛው ማሽላ ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሙጀሌ የሚመስል ደቃቃም አለ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ገና በወጣትነታቸው፣ በመኪናም በግመልም እየዞሩ የሰበሰቡት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አቧራ ስወለውል አንዱን ጠርሙስ አነሣሁና ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሐጁ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

"ምን ያስቅሻል፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ?"

"ምንም፣ ሐጅ። ጤፍ የሚል ተጽፎበታል፤ ጤፍ ግን አይደለም። የዱር ሣር ዘር ነው።"

ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ጠርሙሱን ከፈትኩና መዳፋቸው ላይ ቆንጥሬ አደረግኩላቸው። በአውራ ጣታቸው አሹት።

"ጤፍ ከዚህ ይደቃል" አልኩ።

"ይህን ለስንት ተማሪ አሳይቻለሁ መሰለሽ!" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ "ምንድን ነው የተማርሽው?" ብለው ጠየቁኝ። የት ተማርሽ አላሉም፤ ተምረሻል ወይ አላሉም። ልዋሽ እችል ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ሲጠይቁኝ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው አላዩኝም፤ ሰምተውኝ ግን እስክጨርስ ጠበቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ። ሐጁ መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ለልጆች ነው፤ በአህጉሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው አየር እንዴት እንደሚለያይ፣ በየአየሩ ምን እንደሚበቅል፣ ሰውም ያን ተከትሎ ምን እንደሚበላ የሚያስረዳ መጽሐፍ። በፊት ይጽፍላቸው የነበረ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶባቸው ሥራው ቆሞ ነበር። ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ እስከ ቀትር ሶላት ድረስ እሳቸው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል ስሳሳት አይታያቸውም፤ ስለዚህ ከባድ ቃል በመጣ ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ በአንድ እንድቆጥርላቸው ያዙኛል። ልክ ከሆነ "ታማም" ይላሉ። እንደ ተማሪ ቤት ልጅ "ታማም" እስኪሉኝ እጓጓ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ላይ ትንሽ የወረቀት ካርታ አስመጥተውኝ የምድር ወገብ ላይ እንዳጥፈው ነገሩኝ። ሰሜኑን በደቡቡ ላይ አጠፍኩት።

"አሁን ወደ ብርሃን አንሺው። ምን ታያለሽ?"

መሐል ላይ ደኑ በደኑ ላይ ወድቋል። ከደኑ ወዲያ ሣር በሣር ላይ። ከዚያ ደረቁ በደረቁ ላይ። ጫፍና ጫፉ ደግሞ፣ ዝናብ በብርድ ወራት የሚያገኙት ሁለቱ ዳርቻዎች፣ ስንዴና ወይን የሚያበቅሉት፣ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በትክክል አይገጥሙም፤ ሰሜኑ ሰፊ ነው፣ ይተርፋል። ኮሌጅ ስማር ይህን ሁሉ ሸምድጄ ፈተና ወድቄበት አላውቅም፤ እንዲህ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሰሜን ጀመርን። የባሕር ዳርቻው፣ የወይራ ፍሬውና ስንዴው። ከዚያ በረሃው፤ ቴምር እግሩን ውሃ ውስጥ፣ ራሱን እሳት ውስጥ አድርጎ እንደሚኖር። ከዚያ ከበረሃው ሥር ያለው ቀጭን መቀነት፤ ዱኽን የሚባለው እህል፣ ከአሸዋ ላይ በሦስት ጊዜ ዝናብ የሚያፈራው። ከዚያ ሰፊው የሣር ምድር፣ ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ለውዙ። ከዚያ ዝናብ የማይጠፋበት ደን፤ ካሳቫው፣ ካካዎው፣ የዘይት ዘንባባው። ከዚያ ያው ቅደም ተከተል ተገልብጦ እስከ ደቡቡ ጫፍ። ሐጁ ስለ ዝናብ ሲጽፉ ጥብቅ ነበሩ። "ምን ያህል እንደሚዘንብ ብቻ አትጻፊ። የሚቀርበትን ዓመትም ጻፊ። ልጁ ጎረቤቱ ለምን ቤቱን ጥሎ እንደመጣ ይወቅ" ይሉኛል።

አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀረ፤ ደጋው። "እሱ ያንቺ ነው" አሉኝ። "እኔ ደጋ ለአንድ ሳምንት ጉብኝት ነው የሄድኩት፤ በርዶኝ ተመለስኩ። አንቺ ንገሪኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።" እኔ ግን መጀመር አቃተኝ። የኛን ተራራ ሳስብ የሚመጣልኝ ገብሱ አይደለም፤ የታሰርኩበት ክፍል ነው። "ነገ" እላቸዋለሁ። "ኢንሻላህ" ይላሉ። እንዲህ እያልን ረመዳን ገባ።

ጦርነቱ የጀመረው በረመዳን መጨረሻ ገደማ፣ ጠዋት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ጥቁር ጭስ ተነሣ፤ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች እርስ በርስ ተነካክተው ሲጮሁ ሐጁ "ያዢያቸው!" አሉኝ። ስለ ራሳቸው አልደነገጡም። ሁለታችንም ለዒድ ያልቃል ብለን ነበር። ዒድ መጣ፣ ሄደ። ጎረቤት ሁሉ እየተጫነ ወጣ፤ ገሚሱ ወደ መዳኒ ከተማ፣ ገሚሱ ወደ ግብጽ።

አንድ ጠዋት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረቤት መጣ። መኪናው በሰው ሞልቷል። አንድ ቦታ አለኝ፣ ያላ ሐጅ፣ ይነሡ አላቸው።

"እሷስ?" አሉ።

ሰውየው ወደኔ አየና ወደሳቸው ዞረ። "ያለኝ አንድ ቦታ ነው። ደግሞም እሷ ወረቀት የላትም፤ ኬላ ላይ ሁላችንንም ታስቆመናለች። ማለሽ፣ ይቅርታ፣ ሐጅ፤ ሐበሺያዋን ያገሯ ሰዎች ይወስዷታል።"

"ሐጅ፣ ይሂዱ" አልኳቸው። "መድኃኒትዎን አዘጋጅልዎታለሁ።"

"ኸላስ፣ በቃ" አሉ። "አልሄድም። ሥራ አላለቀም።"

ሰውየው ትንሽ ለመናቸው፣ ከዚያ ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ ይሂዱ ያልኳቸው በአፌ ነው። መኪናው ከበራችን ሲርቅ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ብቻዬን አልቀረሁም ብዬ ደስ አለኝ። ያን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ራሴን ይቅር ያልኩበትም አይደለም።

መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ። ከመስጊዱ ጉድጓድ በጀሪካን እያመላለስኩ እቀዳ ነበር፤ ሁለት መንገድ መሻገር አለብኝ፤ ተኩስ ሲሰማ ግድግዳ ተጠግቼ እቀመጣለሁ። የሐጁን ኢንሱሊን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ውሃ ከምናቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ዚር ሥር፣ ጠብታው ከሚወርድበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሙቀቱ ግን ከዚሩም አልፎ ይገባል። መድኃኒቱ እየሠራ ይሁን ተበላሽቶ ይሁን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

ከዚያ ታጣቂዎች መጡ። ስድስት ነበሩ፤ በሩን በጥይት ሰበሩት። መኪናውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሚስታቸውን ወርቅ ወሰዱ፤ የሐጁን ስልክ ከእጃቸው ነጠቁ። የኔን አሮጌ ስልክ አንዱ አየውና መልሶ ወረወረልኝ። ሐጁን አልመቷቸውም፤ "ቁጭ በል፣ ሽማግሌ" ብቻ አሏቸው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ሥር ተቀምጠው ሻይ አፍዪልን አሉኝ። ከሰል የለንም። አንዱ የመመገቢያ ወንበር ሰብሮ አመጣ፤ ሌላው ማቀጣጠያ ፍለጋ በረንዳው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ወረቀት አነሣ። መጽሐፉ ነበር። ጠዋት የነፋሱን ነገር ብዬ ድንጋይ ጭኜበት ነበር፤ ድንጋዩን በእጁ ገፋው።

"እሱን ተዉት፣ እባካችሁ" አልኩ።

"ምንድን ነው?"

"የትምህርት ነው። የልጆች ትምህርት።"

"የቱ ልጅ ነው አሁን የሚማረው?" አለኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ደክሞት ነው። አንድ እፍኝ ቀደደ። ከሰሜኑ ነው የጀመረው፤ ከላይ ያለው እሱ ነበርና። ሻዩን ያፈላሁት እኔው ነኝ። የወንበሩ እንጨት ወፍራም ስለነበር አልያዝ ብሎ ደጋግሞ ወረቀት በላ። ሁለተኛ ሻይ ሲፈልጉ የቀረውንም ጨመሩት።

ሐጁ ከክፍላቸው ሆነው "ምንድን ነው የሚቀደደው?" ብለው ጠየቁ።

"ጋዜጣ ነው፣ ሐጅ። የድሮ ጋዜጣ።"

"አሃ" አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሄዱ፤ ገባሁ። ሐጁ በወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ "አልነኩትም አይደል?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያለውን ተስፋ ካየሁ በኋላ አፌ የተናገረው "አልነኩትም" የሚል ነው።

እህል ያለቀው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ምስሩ አለቀ፣ ዱቄቱ አለቀ፣ መስጊዱ አጠገብ አልፎ አልፎ ይከፈት የነበረው ሱቅም ተዘጋ። ሁለት ቀን በውሃና በጥቂት ስኳር አልባ ሻይ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጁ "ጠርሙሶቹን አውርጂ" አሉ።

"የትኞቹን?"

"ከታችኛው ረድፍ ጀምሪ። እየከፈትሽ አንብቢልኝ።"

አንዱን አወረድኩና ጽሑፉን አነበብኩ፤ የመንደሩ ስም፣ የሰጠችው ሴት፣ የአፈሩ ዓይነት። ሐጁ "አዎ፣ አስታውሳታለሁ" አሉ። "ዘሩን የሰው ራስ በሚያክል ቅል ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። አልሰጥህም ብላኝ ሁለት ቀን በሯ ላይ ተቀመጥኩ። መንደሩ አሁን የለም፤ በሌላው ጦርነት ተቃጥሏል። ይህ ዘር ሌላ ቦታ አለ ብዬ አላስብም።" ከዚያ "በደንብ ይፈጫል?" አሉኝ።

አሮጌ የቡና ሙቀጫ ነበራቸው። ወቅጬ ዓሲዳ አደረግኩት፤ እንደኛ ገንፎ ያለ ነው። ጨው ነበረን። በላን። ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡ አሳፈረኝ።

እንዲህ በየቀኑ አንድ ጠርሙስ፣ አንዳንዴ ሁለት። ሁሌም መጀመሪያ አነብላቸዋለሁ፤ ሳላነብ አላስነካ ብለው ነበር። ድርቅ የሚችለውን በላን፤ ወፍ የማይወደውን መራራውን በላን፤ ከተዘራ በሁለት ወር የሚደርሰውን በላን። አንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ዘሩ ቀይ ቀለም ነበረው፤ ተባይ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ ነው። እነዚያን ለይቼ ወደ ጎን አደረግኩ። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ መደርደሪያው ላይ የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ለስኳር በሽተኛ ከማሽላ ገንፎ በቀር የሚበላ የለም ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ጥሙ ባሰባቸው። ግራ እግራቸው ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል አልድን አለች፣ ጠቆረች፣ ሸተተች። የማበላቸው ነገር እየጎዳቸው ነው፤ ካላበላኋቸው ደግሞ በረሃብ ሊሞቱ ነው። በጨው ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረኝም።

በእነዚያ ሳምንታት ነው ደጋውን የጻፍነው። ሐጁ "ያላ፣ ጊዜ የለም" አሉ። አንድ ያልተጻፈበት የተማሪ ደብተር አገኘሁና ተቀመጥኩ። አሁን እንቢ ማለት አልቻልኩም። ነገርኳቸው፤ ቆላው የት እንደሚያልቅ፣ ወይና ደጋው ጤፍና በቆሎ ይዞ የት እንደሚጀምር፣ ወደ ላይ ስትወጣ ጤፉ ጠፍቶ ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያ ገብስ ብቻ፣ ከዚያም በላይ ገብሱም እንቢ የሚልበት ውርጭ። እሳቸው ያቋርጡኛል።

"ውርጩ በየትኛው ወር ይመጣል?"

"ኅዳር ላይ። ዝናቡ ቆይቶ ዘሩም ከዘገየ ገብሱን አፍላው ላይ ያገኘዋል።"

"ገበሬው እንዴት ያውቃል?"

"አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል። ደመና ከሌለ ይፈራሉ። ጭስ ያጨሱበታል።"

"ይጠቅማል?"

"አንዳንዴ።"

"ጻፊው። አንዳንዴ የሚለውንም ጻፊ።"

ውጭው አርባ ዲግሪ ነው፤ ላቤ ደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ስለ ውርጭ እጽፋለሁ። ከፊቱ ያሉት ምዕራፎች በሙሉ አመድ መሆናቸውን አውቃለሁ። "ሰሜኑ ላይ ስለ ተራራ ያልነውን እዚህ እንዳንደግመው፤ እስቲ አንብቢልኝ" ሲሉኝ ከትዝታዬ እፈጥራለሁ። በአብዛኛው አስታውሰው ነበር። አንድ ቀን ግን "እጄ ላይ አድርጊልኝ፣ ክብደቱን ልየው" አሉ። መሳቢያ ውስጥ የድሮ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ነበር። ያንን አስተካክዬ በክር አሰርኩና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በሁለት እጃቸው አነሡት። ዳሩን በጣታቸው ገለበጡት።

"ከብዷል" አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን በሻሽ ሸፈንኩ።

ምዕራፉን ከጨረስን በኋላ ብዙ አልቆዩም። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሦስት ቀን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ እየቀላቀሉ ለተማሪዎች ያስተምሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ፣ አልፈዋል። ዓይናቸውን ከደንኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ ሃይማኖታቸውም ሃይማኖቴ አይደለም።

ከጎረቤት ቤት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀርቶ ነበር። ሄጄ ጠራሁት። ገላቸውን እሱ አጠበ፤ እኔ ውሃ አቀበልኩ። መቃብር ቦታ መድረስ አይቻልም፤ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ራቅ ብለን፣ ሥር በሌለበት ቆፈርን። የዘነበበት አፈር ስለነበር አካፋው ቀላል ሆነልን። ዘበኛው ሰገደባቸው። ከዚያ "አንቺስ?" አለኝ።

"ካላክላ እሄዳለሁ" አልኩት። ሌላ የምጠጋበት ሰፈር አልነበረኝም።

በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ደብተሩንና ሁለት ልብስ በፌስታል ይዤ። ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ደብተሩን ገለጠው፣ ማንበብ አልቻለም፣ ጣለልኝ። ካላክላ ስደርስ በፊት አብሬያቸው ከኖርኳቸው ሴቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ሌላዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የሐጁ ልጅ ያገኘችኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ ስልኬ ካልተወሰደ ብላ በየቀኑ ትሞክር ነበር። ሰፈሩ ውስጥ በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያገናኝ ሰው መጥቶ ስለነበር ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባቷ እንዴት እንደሞቱ፣ የት እንደተቀበሩ ነገርኳት። አለቀሰች፣ አመሰገነችኝ። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ጠየቀችኝ። እሷንም መዋሸት አልቻልኩም። ተቃጥሏል አልኳት።

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"አያውቁም። አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?" አለች።

የመጨረሻው ምዕራፍ ደብተር እጄ ላይ እንዳለ፣ መንገድ ሲከፈት እንደምልክላት ነገርኳት። "አንድ ምዕራፍ ምን አደርግበታለሁ?" አለችኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም።

ወንድሜን ማግኘት ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ እዚህ ኔትወርክ ሲኖር እዚያ ይጠፋል። ዘንድሮ አንድ ጠዋት ያዘልኝ። ልመጣ ነው፣ በመተማም ቢሆን፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ልለው ነበር የደወልኩት።

"እትዬ፣ ወዴት ነው የምትመጪው?" አለኝ። "እኛ እኮ ሰፈሩ ላይ የለንም። ተኩሱ እርሻው ውስጥ ነው፤ አምና አልዘራንም፣ ዘንድሮም አልዘራንም። እናታችንን ይዤ ከተማ ሰው ቤት ነኝ።"

"በሬዎቹስ?"

"ሸጥናቸው። መንገዱም ለሴት አይሆንም፤ የሚያልፈውን ሰው ይይዛሉ። እዚያው ቆይ። እዚያ ይሻላል አይደል?"

"ይሻላል" አልኩት። "አይዞህ። እዚህ ይሻላል።"

ስልኩን ዘግቼ ከኢንተርኔቱ ሰው ቤት ወጣሁ። የሰፈሩ ሰዎች በርዳታ ምስር የሚያበስሉበት ቦታ አለ፤ ሴቶቹ ድስታቸውን በመስመር አስቀምጠው ግድግዳ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። ስደርስ መስመሩ ከጥላው አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር። ድስቴን ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጥኩ። ከፊቴ ያለችው ሱዳናዊት ዞር ብላ "ዛሬ ይደርሰናል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ፀሐይ ላይ ቆምን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሚያድለው ልጅ ትልቁን ብረት ድስት ገልብጦ አሳየን፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ባዶ ድስታቸውን አነሡ። እኔም አነሣሁ።